የማይወርደው ግፊት ጥፋቱ የማን ነው?

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። የግፊት መድኃኒት ይወስዳል፤ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት። ጨው ከቀነሰ ከርሟል። ቀጠሮ አያሳልፍም። ለክትትል በሄደ ቁጥር ግን መለኪያው 170 በ100 ይላል። ባለሙያው ቀና ብሎ «መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ?» ይለዋል። ሚስቱ ተደብቆ ጨው የሚበላ ይመስላታል። ጎረቤቱ «ሐሳብ እያበዛ እኮ ነው» ብሎ ይደመድማል። በቃ፣ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ራሱ በሽተኛው።

እርግጥ ነው፣ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነው። ጨው የማይቀንስም አለ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን የታዘዘውን ሁሉ አድርጎ ግፊቱ ስለማይወርድለት ሰው ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ቀላል የማይባሉት ችግራቸው ከጠባያቸው የመጣ አይደለም፤ ከአንድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ስም አለው፣ ምርመራ አለው፣ መድኃኒትም አለው። የጠፋው የሚጠይቅ ሰው ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ሲሆን ዘመዶቼ እስከ ቡሬ ድረስ ባለው ገጠር ተበትነው ይኖራሉ። በዚህ ጉዳይ ማንበብ የጀመርኩት ከእነሱ በአንዱ ምክንያት ነው። እሱን ከታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ስለ ጨው እናውራ።

ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን የተሠራ ሰውነት

የጎጃም ሰው ጨውን በገንዘብነት ያውቀዋል። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ስንት ኬላ ቀረጥ ተከፍሎበት ነው ደጋው የሚደርሰው። በ19ኛው መቶ ዘመን በባሶ ገበያ ዕቃ የሚገዛው በአሞሌ ጭምር ነበር። ደግሞ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ በአንድ ማርያ ትሬዛ ብር ትግራይ ላይ የሚገኘው አሞሌ ብዙ ሲሆን ጎጃም ሲደርስ ቁጥሩ ይቀንሳል። የትራንስፖርት ወጪ ማለት ይሄ ነው።

የሰው ሰውነትም ጨው ብርቅ ለሆነበት ኑሮ የተሠራ ነው። በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ፤ አድሬናል ይባላሉ። ዕጢ ስል እብጠት ወይም ካንሰር ማለቴ አይደለም፤ ሆርሞን የሚያመነጭ የሰውነት ክፍል ነው። ከሚያመነጯቸው ሆርሞኖች አንዱ አልዶስተሮን ነው። ሥራው የጨው ግምጃ ቤት ጠባቂነት ነው። ኩላሊትን «ጨው በሽንት እንዳይወጣ፤ ያዝ» ይለዋል። ጨው ሲያዝ ውኃ ይከተለዋል፤ ውኃ ሲበዛ በደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ጨው በተያዘ ቁጥር ደግሞ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን በሽንት ይወጣል።

ጤነኛ ሰው ላይ ይህ በትዕዛዝ ይሠራል። ጨው ሲያንስ ወይም ግፊት ሲወርድ ኩላሊት ሬኒን የሚባል ነገር ትለቃለች። ሬኒን ትዕዛዝ ነው፤ አልዶስተሮን ምርቱ ነው። ጨው ሲበቃ ሬኒን ይቀንሳል፣ ምርቱም ይቆማል።

አንዳንድ ሰው ላይ ግን ዕጢው ትዕዛዝ መስማት ያቆማል። ሬኒን ወርዶ ወርዶ ሊጠፋ ደርሶ፣ አልዶስተሮን መመረቱን ይቀጥላል። ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ ማንም ሳያዝዝ፣ ሌት ተቀን የሚያመርት ፋብሪካ አስቡ። ሐኪሞች ይህን ፕራይመሪ አልዶስተሮኒዝም ይሉታል። ምርመራውም ከዚሁ ሐሳብ የወጣ ነው፤ ከአንድ የደም ናሙና ሬኒንና አልዶስተሮን ይለኩና ይነጻጸራሉ። ትዕዛዙ ትንሽ ሆኖ ምርቱ ብዙ ከሆነ ያስጠረጥራል።

ለእንዲህ ያለ ሰው ጨው ቀንስ ማለት ይጠቅመዋል፤ ግን አይበቃውም። ሰውነቱ ያገኛትን ትንሿን ጨውም ጨምድዶ ይይዛታል።

ብርቅ በሽታ አይደለም

ይህን በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የገለጸው ጀሮም ኮን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በሽተኛዋ የ34 ዓመት ሴት ነበረች። ግፊቷ ከፍተኛ ነው፣ ጡንቻዋ ይዝላል፣ ፖታሲየሟ ወርዷል። አንደኛው አድሬናል ዕጢ ላይ የበቀለው እብጠት በቀዶ ጥገና ሲወጣላት ግፊቷ ወረደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሽታው ብርቅ ነው፣ ፖታሲየም ካልወረደ አይታሰብም ሲባል ኖረ።

አሁን ይህ አባባል ተቀይሯል። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ግፊት ካለባቸው 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው። በሦስት መድኃኒት ካልወረደላቸው ሰዎች መካከል ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ነው። አብዛኞቹ ፖታሲየማቸው ሲለካ ደህና ነው፤ ስለዚህ «ፖታሲየም ደህና ስለሆነ የለብህም» ማለት አይቻልም።

በኛ አገር ቁጥሩን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆነ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ገደማ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ ውስጥ ዝቅተኛውን 5 በመቶ ብትወስዱ እንኳ የሚመጣው ሰው ስታዲየም አይበቃውም።

ደግሞ ጉዳቱ እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የ31 ጥናቶች ማጠቃለያ እንዳሳየው፣ አልዶስተሮን የበዛበት ሰው መንስኤው ያልታወቀ ግፊት ካለበት ሰው ይልቅ ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ልብንና ኩላሊትንም ይጎዳል።

«ይሄ የድህነት ጉዳይ ነው፤ ውጭ አገር ቢሆን ይመረመሩ ነበር» የምትሉ ካላችሁ ቆም በሉ። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሕክምና ውስጥ ግፊታቸው በመድኃኒት አልወርድ ያለ ከ269 ሺህ በላይ ሰዎች መዝገብ ተፈትሾ ነበር። ለዚህ ሆርሞን የተመረመሩት 1.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ላብራቶሪው እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኖ! ስለዚህ እንቅፋቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ልማድም ነው።

ከማንኩሳ እስከ ቡሬ

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ በርበሬና በቆሎ ያመርታሉ። ግፊት እንዳለባቸው የታወቀው ገና በ35 ዓመታቸው ነው። አሁን 48 ሆኗቸዋል። አንድ ወንድማቸው በ38 ዓመቱ ማሳ ላይ ወድቆ በዚያው ቀርቷል፤ ስትሮክ ነው ያለም ነበር፣ ምች መታው ያለም ነበር።

አጎቴ ለዓመታት የተመላለሱበት ቦታ መጀመሪያ አንድ ክኒን፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ቀጥሎ ሦስተኛ ጨመረላቸው። ምክሩ ግን ያው ነው፦ ጨው ይቀንሱ፣ አያቋርጡ፣ አይጨነቁ። ቤት ውስጥ ወጡ ሁሉ አልጫ ሆነ። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ የተማርሽው የገንዘብ ነገር አይደል? እስቲ አስይው። ሦስት ክኒን እየዋጥሁ ግፊቱ ካልወረደ ገንዘቤን የሚበላው ማነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም መልስ አልነበረኝም።

መልሱን የጀመረው ሌላ ቦታ ያገኘናቸው ወጣት ዶክተር ናቸው። ከመለካታቸው በፊት አምስት ደቂቃ አስቀመጧቸው። ከዚያ ከዚህ በፊት ማንም ያልጠየቃቸውን ጠየቁ። «ሲጀምርዎት ስንት ዓመትዎ ነበር? ከቤተሰብ በወጣትነቱ በስትሮክ የሞተ አለ? ሌሊት ባትዎን ይሸመቅቅዎታል? ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?» አጎቴ ሁሉንም ሲመልሱ ዶክተሩ ዝም ብለው ጻፉ። ፖታሲየም አስለኩ፤ ወርዶ ተገኘ። ከክኒኖቹ አንዱም ሊያወርደው እንደሚችል ነገሩን። የሆርሞኑ ምርመራ እዚህ እንደማይሠራ፣ ናሙናው ወይም ሰውዬው ራቅ ብሎ መሄድ እንዳለበትም አልደበቁንም።

እስከዚያው ግን የኩላሊታቸውን ሁኔታ አይተው ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ክኒን በትንሽ መጠን ጨመሩላቸው። የአልዶስተሮንን ትዕዛዝ ኩላሊት እንዳይሰማ የሚከለክል መድኃኒት ነው። ደማቸው በየተወሰነ ጊዜ እየታየ ሦስት ወር ሞላ። ግፊታቸው 136 በ84 ሆነ።

ዶክተሩ «ተረጋገጠ ማለት አይደለም» ብለዋል፤ እኔም አልልም። ይህ ክኒን ሆርሞኑ ያልበዛበትንም ሰው ግፊት ሊያወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በሦስት መድኃኒት አልወርድ ላለ ግፊት ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠው አራተኛ መድኃኒት እሱ መሆኑን አሳይቷል። አጎቴ ጋ የተረጋገጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጨው ሰርቀው አልበሉም።

ሒሳቡ ሲሠራ

ምርመራው ውድ ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን ኢኮኖሚክስ የሚያስተምረው አንድን ወጪ ለብቻው ማየት እንደማይቻል ነው፤ አለማድረጉስ ስንት ያወጣል?

ቁጭ ብለን እንደምር። ለ13 ዓመት የማይሠራ ወይም ግማሽ የሚሠራ ክኒን ግዢ። በየቀጠሮው የመኪና ሒሳብ። በርበሬ በሚለቀምበት ሰሞን የጠፋ የሥራ ቀን። አብሮ የሚሄደው አስታማሚም የጠፋ የሥራ ቀን አለው። ይህ ገና ስትሮክ ሳይመጣ ነው። ስትሮክ ሲመጣ ደግሞ የሚተኛው አንድ ሰው ይሁን እንጂ ከትምህርት የምትቀረው ልጅ፣ የሚሸጠው በሬ፣ የሚከራየው ማሳም አብረው ናቸው። የገጠር ቤት እንዲህ ነው የሚፈርሰው።

በሌላ በኩል ስፓይሮኖላክቶን ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ማንም ኩባንያ በብቸኝነት የማይሸጠው ክኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ።

ለአፍሪካ ይሠራል ወይ ለሚለው መልስ የሚሰጥ ጥናት አለ። በናይጄሪያ፣ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ አልወርድ ያለ ግፊት ያለባቸው ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደተለመደው ታከመ። ለሌላው ሬኒንና አልዶስተሮን ተለክቶ መድኃኒቱ በውጤቱ መሠረት ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት በተለመደው ሕክምና ግፊታቸው ልክ የገባው 11 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለካላቸው ወገን 50 በመቶ ሆነዋል። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ናሙናውስ እንዴት ይጓዝ? ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ለመድረስ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት፤ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ መዘጋቱን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ሕመምተኛው ሳይሆን ብልቃጧ እንድትጓዝ የሚያስገድድ ምክንያት ነው። የቲቢና የኤች አይ ቪ ናሙናዎች በፖስታ አገልግሎት ጭምር ከጤና ተቋማት ወደ ትልልቅ ላብራቶሪዎች ሲጓዙ ኖረዋል። የሆርሞን ናሙና ተለይቶ፣ በረዶ ሆኖ መሄድ ስላለበት ጥንቃቄው ይበዛል። አሠራሩ ግን አገር ውስጥ ያለ ነው።

እንቅርት ያስተማረን

የሆርሞን ችግር ለጎጃም አዲስ አይደለም። እንቅርት ምንድን ነው? አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ሲያጣ የሚያብጠው ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ያለን በከንቱ አይደለም፤ በሽታው በየቤቱ ነበር። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛም ሲያንስም ግፊትን ይነካል፤ ስለዚህ እንቅርት ያለበት ሰው ግፊት ሲገኝበት ታይሮይዱ ቢታይለት ደግ ነው።

እንግዲህ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ፣ ከኤርትራ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ሲቋረጥ፣ አገሩ አዮዲን የሌለበትን የአፍዴራ ጨው ሲበላ ቆየ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆኑ ቤቶች ነበር። በ2016ቱ ጥናት 89 በመቶ ደረሰ። አምስት ዓመት!

አልዶስተሮን እንደ እንቅርት አንገት ላይ አይታይም። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ ስለማይታይ ማንም አይጮህለትም። ግን አገሩ ሲወስን ምን ማድረግ እንደሚችል አይተናል። ለግፊት ብላችሁ አዮዲን ያለውን ጨው በሌላ አትቀይሩ፤ መጠኑን ብቻ ቀንሱ።

ሌሎችም አሉ

አልዶስተሮን ብቻውን አይደለም። ድንገት ልብ እየመታ፣ ላብ እያጠመቀ፣ ራስ እየፈለጠ መጥቶ የሚሄድ ግፊት አድሬናሊን ከሚያመነጭ እብጠት ሊሆን ይችላል። ብርቅ ነው፤ ከ100 ግፊተኞች አንድም አይሞላም፤ ግን ይገድላል። እንዲህ ያለው ሰው ጠበል ቢሄድ አይፈረድበትም፤ ከጠበሉ ጋር ሐኪምም ይየው።

ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ሲበዛም ግፊት ይጨምራል። ፊት ክብ ይሆናል፣ ሆድ ይወፍራል፣ እጅና እግር ይቀጥናሉ፣ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ሰንበር ይወጣል። እዚህ ላይ የኛ ዕድሜ ሰዎች ጆሯችሁን ስጡኝ። ለመወፈር ተብሎ የሚዋጥ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ይህንኑ ችግር በክኒን መግዛት ማለት ነው። ለወራት የወሰደ ሰው ደግሞ በድንገት ማቆምም አደገኛ ስለሆነ በሐኪም ነው የሚቆመው። ኢስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ክኒንም የአንዳንድ ሴቶችን ግፊት ይጨምራል፤ ስትጀምሩ ተለኩ።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ልኬቱ ትክክል ይሁን። ሁለት ሰዓት በእግሩ የመጣ ገበሬ እንደገባ ቢለካ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይረፍ፣ ክንዱ ይደገፍ፣ ሁለቴ ይለካ። ለወገብ ሕመም የሚወሰዱ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶችም ግፊት ይጨምራሉ፤ ካሉ ይነገሩ።

ከዚያ በኋላም ካልወረደ እነዚህን ለሐኪሙ ንገሩ፦ ሦስት መድኃኒት እየወሰደ አልወረደም፤ ፖታሲየሙ ወርዶ ያውቃል፤ በወጣትነቱ ነው የጀመረው፤ ከ40 ዓመት በፊት በስትሮክ የተጠቃ ዘመድ አለ፤ ለሌላ ሕመም ሲታይ አድሬናል ዕጢው ላይ እብጠት ታይቷል። ከእነዚህ አንዱ ካለ «የአልዶስተሮንና የሬኒን ምርመራ ያስፈልገው ይሆን? ካልተገኘስ ምን አማራጭ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እንዲያውም የዓለም አቀፉ የኢንዶክሪን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ቢመረመር ይመክራል።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ ስፓይሮኖላክቶን ለእናታችሁ እንዳትገዙ። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ካሉ መድኃኒቶች ጋር ያለ ክትትል ሲወሰድ፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ልብን ሊያቆም ይችላል። ወንዶች ላይ ጡት ሊያሳብጥ ይችላል። ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። የያዙትን መድኃኒት ማቋረጥም አይገባም።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት ሌላ ነው። ስልካችሁ ላይ አንድ ማስታወሻ ክፈቱ። ቀኑን፣ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር፣ የሚወሰዱትን ክኒኖች ስም ጻፉ። የክኒኑን ማሸጊያ ፎቶ አንሱ። በወጣትነቱ በድንገት ስለሞተው ዘመድ አያታችሁን ጠይቁ፤ ያንንም ጻፉ። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ጋ የሚጎድለው ይሄ መረጃ ነው፤ ለሰብሳቢውም አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከዚያ በሚቀጥለው ቀጠሮ ውጭ ሆናችሁ አትጠብቁ፤ አብራችሁ ግቡ።